የድንጋይ ሰልፍ

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲወጡ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በግቢው አንዲት የእጅ ፓምፕ ነበረች፤ ለሦስት መቶ ልጅ አንዲት ፓምፕ። ጉልበተኛው ጠጥቶ ይረጫጫል፣ ደካማው ከንፈሩን እየላሰ ወደ ክፍል ይገባል። መምህር ዳኘው ሲመጡ ይህ ቀረ። እያንዳንዳችን ከወንዝ አንዳንድ ድንጋይ አምጥተን ምልክት አደረግንበት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰለፈው ድንጋያችን ሆነ። እሳቸውም ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ነበረቻቸው። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ድንጋይ ኋላ ትሰለፋለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ቀድማ አታውቅም።

“ተራውን የሚጠብቅ ሰው ከማንም አይጣላም” ይሉን ነበር። ስለዚያ ድንጋይ ሌላም የማስታውሰው ነገር ሊኖር ይገባ ነበር፤ ግን ረስቼው ነበር። የረሳሁት ነገር ምን እንዳስከፈለ ልንገራችሁ።

አድጌ ነርስ ሆንኩ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የምለው እኔ ነኝ። ኮሌጅ ያስተማሩኝ ሕመሙን አይቼ እንድለይ ነበር፤ ሰው ሲበዛብኝ ግን የምመለሰው ወደ ልጅነቴ ሰልፍ ነው። ካርድ በቁጥር፣ ሰው በተራ። ከተራ የሚያስወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጩኸት።

አምና በአንድ የገበያ ቀን ባጃጅ ተገልብጣ አለበል የሚባል ጎልማሳ ትከሻው ወልቆ መጣ። ስድስት ዘመድ ከቦታል። እሱ አንድ ጊዜ ሲጮህ ዘመዶቹ ሁለት ጊዜ ይጮሃሉ።

“ሰው እየሞተ ካርድ ትላለህ እንዴ?” አለኝ አጎቱ ጠረጴዛዬን እየደበደበ።

ተነሳሁና ለአለበል መሯሯጥ ጀመርኩ። በዚህ መካከል ነው መምህር ዳኘውን ያየኋቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው ከልጃቸው ከንግሥቴ ጋር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

“መምህር! ምነው፣ ደህና አይደሉም?”

“እጄ ትንሽ ዝሎ ነው ልጄ። አንተ ሥራህን ሥራ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።”

ቃላቸው ተሳሰረብኝ፤ ጥርስ ቢያልቅ ነው ብዬ አለፍኩ። ባርኔጣቸው ከቀኝ እጃቸው ወደቀችና በግራ እጃቸው አነሷት። ይህንንም አየሁ። አይቼ ሄድኩ።

ንግሥቴ ተከተለችኝ። “ይሄይስ፣ ጠዋት ደህና ነበሩ። ከቁርስ በኋላ ነው አፋቸው ወደ አንድ ወገን ጠመም ያለው። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹላቸው። እኔ ግን ፈርቻለሁ” አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት መምህር ጠሯት። “ንግሥቴ፣ አታሳፍሪኝ። ሰው ሁሉ ታሞ ነው የመጣው።” ቀጥለውም ልጅ ላዘለች ሴት ተራቸውን ለቀቁላት። በልቤ አመሰገንኳቸው፤ መምህር እንደ ድሯቸው ናቸው አልኩ። ዛሬ ያ ምስጋና ያሳፍረኛል።

ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ቁጥራቸውን ጠራሁ። አልተነሱም። ሊነሱ ሞከሩ፣ ቀኝ እግራቸው ከዳቸው፣ በጎናቸው ወደቁ። ንግሥቴ ውሃ ልታጠጣቸው ስትል የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወለተ ሥላሴ ደርሳ ኩባያውን ከእጇ ነጠቀች።

“መዋጥ መቻላቸው ሳይታወቅ ምንም በአፋቸው እንዳይገባ! ወደ ሳንባቸው ይሄዳል።” በጎናቸው አስተኛቻቸው፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን አስለካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “መቼ ነው የጀመራቸው?”

“ከቁርስ በኋላ።”

“እዚህ ከመጡ ምን ያህል ቆዩ?”

ካርዳቸው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አሳየኋት።

በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ስንልካቸው ሲስተር በሩ ላይ ቆማ “የሚጮኸው እኮ ይተነፍሳል፣ ይሄይስ” አለችኝ፤ አልተቆጣችም። “መጀመሪያ ዝም ያለውን እየው።” ከውስጥ የአለበል ድምፅ ይሰማል። ትከሻው ገብቶለት ምሳ ጠየቀ።

መምህር ተረፉ፤ የመታቸው ስትሮክ የሚሉት የአንጎል ደም ሥር ሕመም ነበር። አንደበታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ጠመኔ ይይዝ የነበረው ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ቀድመን ብንደርስ ይተርፍ ነበር ወይ? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ እርግጠኛ ሆኖ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ይዤው እኖራለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ስኳር ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

“እህተ ማርያም ፓምፑ ዘንድ ራሷን ስታ የወደቀች ዕለት ትዝ ይልሃል?”

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። “አዎ፣ መምህር።”

“ሰልፉን ማን በተነው?”

“እርስዎ። ድንጋዩን ሁሉ በእግርዎ ጠርገው እሷን አስቀደሙ።”

“ማንስ አለቀሰ?”

“እኔ፤ ድንጋዬ ጠፋብኝ ብዬ።”

ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። “እንግዲያ ግማሹን ነው የተማርከው” አሉ ቃላቸውን እየለቀሙ። “ተራ ለደህና ሰው ነው።”

“ታዲያ መምህር፣ ለራስዎ ለምን አልበተኑትም?”

እጃቸውን አዩት። “አፈርኩ ልጄ። ሰው ፊት ‘እኔ ልቅደም’ ማለት አሳፈረኝ። እፍረቴ ይኸው፣ ጭኔ ላይ ተኝቷል።”

ወገኖቼ፣ ጨዋነት መልካም ነው፤ ሕመም ግን ጨዋነት አያውቅም። የሰው አፉ በድንገት ከጠመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ቃሉ ከተሳሰረ ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ መቼ እንደጀመረው ልብ በሉና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በሩ ላይም ተራ አትጠብቁ፤ ለተረኛው ነርስ ንገሩት። እሱ ካልሰማ ደግማችሁ ንገሩት። እኔም ዛሬ ካርድ ከመጥራቴ በፊት አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞርኩ፣ ስም እየጠየቅሁ፣ እጅ እያስነሳሁ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት መምህር ለቀጠሯቸው መጡ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ስጽፍ ከአግዳሚው ጩኸት ተሰማ። ቀና ስል አጠገባቸው አንዲት ባልቴት ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው በዝምታ ተቀምጠዋል። መምህር ዳኘው ግራ እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተዋል።

“ይሄይስ! እኒህን እናት አስቀድማቸው! አሁኑኑ!”

በዕድሜዬ መምህር ዳኘው ሲጮሁ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።