ያልጮኸው የካሳው ስልክ

ይህ ውሸት ከሆነ የቆቦ ግመል በሙሉ በሆዴ ላይ ይለፍ። አንዲት ነገር አልጨመርኩም።

ካሳው ሞቶ የተገኘው ከከተማው በታች፣ ደለል ውስጥ ነው። አካፋው ከእጁ አልወጣም። ጎርፍ ሲመጣ ጠልፎ ማሽላውን ሊያጠጣ፣ ቦዩን ሊጠርግ ወርዶ ነበር። ያ ጎርፍ አህያ ከነጭነቷ እንደቆመች ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስልኩ መጮህ ነበረበት። ከላይ፣ ከተራራው ሥር፣ የጎርፍ ጠባቂው አያ መህዲ ውሃ ሲመጣ መልእክት ይልካሉ። የካሳው ልጅ ቢኒያም የጻፈው ፕሮግራም መልእክቱን ቃል ቃሉን ይነጣጥለዋል። «ጎርፍ» የምትል ካገኘ የታችኛውን ሰው ስልክ ሁሉ ያስጮኻል።

ያን ቀን አንድም አልጮኸም።

መህዲ ታሰሩ። በግጦሽ ከካሳው ጋር ተጣልተው ነበርና።

የካሳው ሚስት ታንጉት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። «ባሌን ማን እንደበላው ሳልሰማ አልነሳም» አለች።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት መህዲን አስቀረበቻቸው።

«ተኝተው ነበር?»

«ልኬያለሁ፣ ልጄ።»

«ኔትወርኩስ?»

«ደርሷል ብሎኛል። ይኸው።»

አነበበችው። «አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ? ጎርፍ ወርዷልና ከወንዙ ውጡ።»

«ውሃ እየመጣ ሰላምታ?»

«ሰላም ሳልል ክፉ ወሬ ልንገር? ከብት አይደለሁ።»

ቢኒያም ተጠራ። ኮምፒውተሩን ከፈተ። ቃላቱን የሚነጣጥለው የፕሮግራሙ ክፍል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምን አየህ?»

«የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃላት ወስዶ የቀረውን ይጥላል።»

«ማን እንዲህ አደረገው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አያ መህዲ ሰላምታው ሲረዝም ‹ያለፈው ጎርፍ አልጎዳችሁም?› ይላሉ። ስልኩ ይጮኻል። ሰው ሥራውን ጥሎ በከንቱ ይሮጣል። አባዬ ገበያ መሃል ‹ውሸታም ጡሩንባ› አለኝ፣ ሁሉም ሳቀብኝ። እውነት የጨነቀው ሰው ጎርፍ ብሎ ይጀምራል ብዬ ቆረጥኩት።»

«ለአያ መህዲ ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም።»

መህዲ ተፈቱ። እንደወጡ ወደ ታንጉት ሄደው ጎንበስ አሉ፤ አንገታቸውን ሰበሩ።

ታንጉት ሁሉንም በበሩ ሰምታለች። ተነሥታ ልጇን አቀፈችው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው።

እሺ፣ አንዷን ጨምሬያለሁ። አላቀፈችውም። ነጠላዋን አራግፋ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ቢኒያም ሲደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር።