የማይዋሰው መቀስ

በዳቦ ቤትና በቁልፍ ሠሪ መካከል አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነበረች፤ ፊቷ ሱቅ፣ ጓዳዋ መኖሪያ። ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ቀልድ አያልቅበትም። ወፍራም ደንበኛ ሲመጣበት ሜትሩን ይዘረጋና «ጌታዬ፣ ይችን ጫፍ ያዙልኝማ፤ ዞሬ እመጣለሁ» ይላል። ሚስቱ ዘምዘማ ትዘመዝማለች፤ አንዲት ልጃቸው የስፌት መኪናው ላይ ትሰፋለች። ልጁን «ቁልፌ» ነው የሚላት፤ የሸሚዙም፣ የቤቱም ቁልፍ እሷ ናትና። ይህ ሰው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ ከመኪናው በላይ በምስማር የተሰቀለውን የጨርቅ መቀስ ግን ለማንም! «ሚስቴንና መቀሴን አላውስም» ይል ነበር። እንዲህ የሚሳቅበትን ቤት ምን ይነካዋል ትላላችሁ?

ነካው እንጂ! መጀመሪያ የቀኝ እጁ ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከዚያ ክሩ አልገባ አለ፤ የሰው ሱፍ ተጣሞ ተቆረጠ። ሐኪሙ «ቶሎ አይገድልም፤ ግን አይድንም፤ እየባሰ ይሄዳል» አለው። አንድ ቀን ጠዋት የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ አቃተውና ልጁ ቆለፈችለት። ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቁልፍ ሲተክል የኖረ እጅ! ከዚያን ቀን ወዲህ ቀልዱ ጠፋ፤ ምግብ አስጠላው። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል። ደህና...! በዚህች ቃል ሥር ተሸሽጎ የሚያለቅሰውን ሰው ማን ይቆጥረዋል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው፣ የማይድን ሕመምተኛ በሐኪም እርዳታ እንዲሞት ስለሚፈቅዱ አገሮች ያወራ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ጡረተኛ አስተማሪ «ስቃዩ የራሱ ነው። በቃኝ ካለ እኔ ማን ነኝ የምከለክለው?» አለ። ከጎረቤት የመጣችው ዳቦ ጋጋሪ ተቆጣች። «ዛሬ ፈቃድ ያላችሁት ነገ ግዴታ ቢሆንስ? አልጋ የያዘ ሁሉ የቤተሰቡን ፊት እያየ ልሰናበት ሊል ነው?» ክርክሩ ጋለ። በዚህ መሐል ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ «ታድለው» አለ። ከሚስቱ በቀር የሰማው አልነበረም። እሷም ሰምታ የሆዷን በሆዷ ያዘች።

በሳምንቱ መቀሱን ከምስማሩ አወረደና «እንኪ ቁልፌ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» አላት። ልጅቱ በደስታ ዘለለች፤ አቅፋ ሳመችው። ጋጋሪዋም «እንኳን ደስ አለሽ! አሁን ገና ሰፊ ሆንሽ» አለቻት። ምስኪን! የሙያ ምርቃት መስሏት ነበር። እናት ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ባዶው ምስማር ላይ አረፈ፤ ያ «ታድለው» ያለው ትዝ አላት። ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዘች።

«አንተ ሰው፣ ልትሞት አስበሃል?»

«እማዬ! ምን ነካሽ? ይሄ ይጠየቃል?» ጮኸች ልጅቱ።

«ደህና ነኝ» አለ እሱ።

«ደህና ነህ ወይ አላልኩህም። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ያ ቀልደኛ ሰው እንደ ሕፃን አነባ። «አዎ... ሸክም ሆንኩባችሁ እኮ!»

ልጅቱ መቀሱን አስቀምጣ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። ሚስቱም «ሕመምህን አልወስድልህም፤ ብቻህን ግን አትታመምም። ተነስ፣ እንሂድ» አለችው። ለደቂቃ እንኳ ብቻውን ሳይተዉት፣ ሱቁን ዘግተው ሐኪም ቤት ወሰዱት።

እዚያ የተቀበለችው የአእምሮ ሐኪም ስለ ሬዲዮው ክርክርም ሳይደብቅ ሲነግራት አልደነገጠችም። «እሱን ክርክር እኔና እርስዎ ዛሬ አንጨርሰውም» አለችው። «ይልቅ ይንገሩኝ፤ የጠሉት መኖርን ነው?»

ወደ ሸሚዙ አየ። «ቁልፉን» አለ በመጨረሻ። «ልጄ ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ... እሱን ነው የጠላሁት።»

ሐኪሟ ኀዘኑም ራሱን የቻለ ሕመም እንደሆነ፣ ለእሱ ግን መድኃኒት እንዳለው አስረዳችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እሱም መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ወደ ሐኪሟ እየተመላለሰ የልቡን መናገር ለመደ። ልጅቱ ደግሞ የሸሚዞቹን ቁልፎች ለጌጥ ብቻ ከላይ ተክላ፣ ከሥር በማግኔት እንዲገጥሙ አደረገችለት። መጀመሪያ ሸሚዙን በራሱ እጅ ሲዘጋ ሦስቱም ተላቀሱ! መቀሱንም መለሰችለት። «ስጦታ አልፈልግም፤ አውሰኝ። ማታ ስመልስ አንተ ካልተቀበልከኝ ማን ይቀበለኛል?» ጠዋት ይሰጣታል፤ ማታ ይቀበላታል፤ «አደነዝሽው!» ብሎም ይጨቀጭቃታል። እጁ አልዳነም፤ ሳቁ ግን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ፣ ሰውነቱ ደክሞ አልጋ ላይ ሲውል፣ አንድ ማታ ልጅቱ መቀሱን ልትመልስለት መጣች። «ዛሬስ ያዢው ቁልፌ። ነገ የሙሽራው ሱፍ አለብሽ፤ በጠዋት እንዳትቀሰቅሺኝ» አላት።

ሚስቱ ካለችበት ብድግ አለች። «አንተ ሰው፣ ልትሞት አስበሃል?»

«ኧረ ልተኛ ነው ያሰብኩት!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ወሰደው፤ አንድ እጁ በሚስቱ፣ አንድ እጁ በልጁ እጅ ውስጥ ሆኖ፣ በራሱ እጅ የዘጋውን ሸሚዝ እንደለበሰ።

ሞትስ ለማን ይቀራል? ዕጣችን ነው! ግን በዚያች ባዶ ምስማርና በዚህ ስንብት መካከል ያለውን ሳቅ ሁሉ አስቡት... አንዲት የማትጠየቅ ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ የት ይቀር ነበር? ዛሬም ልጅቱ ሥራዋን ስትጨርስ መቀሱን ምስማሩ ላይ ትሰቅልና «አባዬ፣ መልሻለሁ!» ትላለች።

እናቷም ከጓዳ «ተቀብያለሁ» ትላታለች።