ወደ እትዬ ዘነቡ ግቢ የዞረው ቱቦ

እኔ መንፈስ አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ ከሚሉ ሰዎች ጋር አንድ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ እንኳ አልወድም፣ የሥራ ፈት ወሬ ነው፣ አብዛኞቹም የሚፈሩት የገዛ ሥራቸውን ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የዚያን ቅዳሜ ነገር ስትሰሙ አሮጊቷ ጃጀች እንዳትሉ ነው፤ አልጃጀሁም።

የልጄ ባል ብሩክ እዚሁ ቃሊቲ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲቀነስ፣ ጓሯችን ውስጥ አፈር ሳልነካ፣ በውሃ ብቻ ሰላጣ አበቅላለሁ አለ። ቱቦ በቱቦ ላይ ደረደረ፣ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ሲዞርበት ይሰነብትና ተደፍቶ ይቀየራል። ይሁን፣ ቤቱ የሚበላው ከዚያ ነው። የሚደፋው የት ይሄዳል ብዬ ስጠይቀው ግን፣ ስልኩ የነገረውን ሁሉ የሚያምነው ምሁር፣ አጥሩን በስቶ ወደ እትዬ ዘነቡ ግቢ ሊለቀው ኖሯል።

እትዬ ዘነቡ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልጆቻቸው በሩን ቆልፈው ሄደዋል። በሕይወት ሳሉ የልብስ እጣቢያችን ወደ እሳቸው ካለፈ የአጥሩን ብሎኬት በከዘራ ሦስት ጊዜ ይመቱት ነበር፣ ቀዳዳውንም ጨርቅ ጠምዝዘው ይወትፉት ነበር። እውነታቸውን ነበር። የተከሉት ጌሾ ዛሬም አለ፣ የብሩክ የማዳበሪያ ውሃ ደግሞ ያደርቀዋል።

«የሞተ ሰው ድንበር የለውም እንዴ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ባዶ ግቢ ነው፣ ማን ይከሰናል?»

«ካልተከሰስክ ልክ ነህ ማለት ነው?»

ሳቀ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦውን በአጥሩ አሳልፎ ለሙከራ አንድ ባልዲ ደፋበት። ውሃው እየተንደቀደቀ ገባ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ እኛው ተመልሶ ጫማውን አራሰው። ወዲያው አጥሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። ከባድ መኪና ነው አለ፣ መንገዱን ስናይ ከአንዲት ባጃጅ በቀር ምንም የለም፣ እሷም ቆማለች። ቱቦውን ስቦ ሲያወጣው፣ እመኑኝ፣ የወዲያኛው ጫፍ በተጠመዘዘ ጨርቅ ተወትፏል። አይጥ ነው አለ ደግሞ። ጨርቅ የሚጠመዝዝ አይጥ የት እንዳየ እንጃለት። ዞሬ ሄጄ በራቸውን አየሁ፣ ቁልፉ ዝጓል፣ ሸረሪት አድርቶበታል።

ፈርቼ አይደለም፣ መጀመሪያም ልክ ስላልነበረ ነው፣ የዶሮዎቼን ቤት አፈረስኩና እዚያው ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ጠጠር ሞላንበት፣ ቱቦው ወደ ራሳችን ዞረ። ብሩክ ጠጠሩን ሲያቀብለኝ አንድ ጊዜም ጀርባውን ለአጥሩ አልሰጠም፣ ጀግናው። ሰላጣው አምሯል።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለማንም አልናገርም ነበር። ባለፈው እሁድ ጠዋት ግን ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ጠፍቶ፣ ከእኛ አንድ ጠብታ ሳይወጣ፣ አጥሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። ከጥግ እስከ ጥግ በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። እትዬ ዘነቡ ያለ ነገር አንኳኩተው አያውቁም። እንግዲህ ከእኛ ወደ እሳቸው ያለፈ አንድ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።