ካሴቱ ውስጥ ያለው ሳል

እኔ እንኳን በመንፈስ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ነገ መብራት ይመጣል» ሲልም የማላምን ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ሳወራልህ ሽማግሌው ጃጀ ብለህ እንዳትስቅ፣ መጃጀቱንስ ጃጅቻለሁ፣ ወገቤም እንደ ገሱባ መንገድ ፈራርሷል፣ ሳሌንማ ያኔ ጠቅላላ ምዕመኑ ያውቀው ነበር፣ ጸሎት መሀል «እህ እህ» ካለ እኔ መጥቻለሁ ማለት ነበር። ጆሮዬ ግን ጤነኛ ነው፣ እመነኝ።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሲዲ ካሴትን መግፋት በጀመረበት ሰሞን ነው። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ አንድ አመል ያዘኝ፣ ትሪፕ ሆፕ የሚሉት የፈረንጅ ሙዚቃ፣ ከበሮው እንደኔ እርምጃ ዘገም የሚል። ባለቤቴ አማረች ደግሞ ጌታን ካገኘች ወዲህ ቤቷ ዘፈን አይገባም፣ እኔም እንደምታየኝ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ! ተከራክረን ተከራክረን ታረቅን፣ ቃል ከሌለው ዘፈን አይደለም፣ የሰው ድምፅ ከተሰማበት ግን ቴፔ ለመዘምራኑ ይሰጣል።

«ትንፋሽም ቢሆን!» አለች ጣቷን ቀስራ።

መከራዬን አየህ? ያ ሙዚቃ ሸጋ ሆኖ ይሄድ ይሄድና መሀል ላይ አንዱ ራፐር ተነስቶ እንደ ሐራጅ ሻጭ ይለፈልፋል። የካሴት ቤቱ ማቴዎስ ስንቱን አልበም አሰማኝ መሰለህ፣ በመጨረሻ ሽፋኑ ላይ ጭጋግ ብቻ ያለበት ሲዲ አገኘ፣ ሱቁ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት፣ የሰው ዘር የለበትም፣ በካሴት ገለበጠልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዳሞታ ተራራ ዝናብ ሲያባራ፣ ቴፔን ከፈትኩ። አማረች በሩ ላይ ዳጣ ትወቅጣለች። ሁለተኛው ሙዚቃ ላይ ሳል ተሰማ።

«የታምራት አባት፣ ዳጣው ነካህ?»

«አዎ፣ በርበሬሽ ገደለኝ» አልኩ። እኔ ግን አልሳልኩም።

ድምፁን ቀንሼ መለስ አድርጌ ሰማሁት፣ የለም። ለቀቅ ሳደርገው ግን ደገመ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ሁለቴ ደረቅ፣ ከዚያ ጉሮሮ ጠረግ፣ የራሴው ሳል!

ማቴዎስን ጠረጠርኩ፣ ሱቁ ተቀምጬ ሳለሁ ቀድቶኝ ይሆናል ብዬ፣ ሰኞ በማለዳ ሄድኩበት።

«በእናቴ ሞት፣ ጋሼ! ሱቄ ማይክም የለ!» አለና ካሴቱን ከተተ። አብረን ሰማን፣ ንጹሕ ነው። ድንገት ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ሳሉ?»

«አልሳልኩም።»

ካሴቱን በሁለት ጣቱ አወጣና «ይውሰዱልኝ» አለ።

ቴፔን ለመዘምራኑ የፈለገች አማረች ናት፣ ተንኮሉን የሠራችው እሷ ብትሆንስ ብዬ ፊቷን ማጥናት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጎመን ስትከትፍ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ዳጣው እንዳልሆነ ያን ቀን አውቄአለሁ» አለችኝ። «ወዳንተ እያየሁ ነበር። አፍህ አልተከፈተም።»

ቴፑን በዚያው ቀን ራሴ ተሸክሜ ለመዘምራኑ ሰጠሁ፣ ካሴቱን እሳት ውስጥ ጨመርኩት፣ አለቀ አልኩ።

በሳምንቱ የመዘምራኑ መሪ ቤታችን መጣ፣ ትሑት ሰው ነው፣ እየተቅለሰለሰ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙን፣ ልምምዳችንን በዚያ ቴፕ ስንቀዳ ሳልዎ እየገባ ተቸገርን፣ ራቅ ብለው ቢቀመጡልን?» አለኝ። እኔ ልምምዱ ጋ ደርሼ አላውቅም።

ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ምን ልበለው?

አማረች ጌታ ፈወሰህ ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ስዬ አላውቅም። እሷ ገበያ ስትሄድ በሩን ዘግቼ ለመሳል እታገላለሁ፣ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ፣ ሳቅብኝ ግድ የለም።

አይመጣም።