የኡበይደላ ብሩሽ

ኢሕሳን ኡበይደላን የተዋወቀችው ሂጃቧን ቀለም ነክራ ነው።

ከወልድያ ወደ ግራና፣ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ መርሳ ላይ መኪና ለመቀየር ወረደች። ከመንገዱ ማዶ በዘይነባ ጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ቀጠን ያለ ወጣት መሰላል ላይ ቆሞ ማንጎ ይሥላል። መርሳ ውስጥ ማንጎ ብርቅ አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኢሕሳንን የያዛት ግን ቅጠሉ ነበር። ብሩሹ በአንድ ምት ይወርድና ጫፉ ላይ ቀለሙ እየሳሳ፣ እየደረቀ ይጠፋል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ለማንሳት ተጠጋች... አሁንም ተጠጋች... ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት።

«እህቴ፣ ማንጎዬን ተደገፍሽው እኮ» አላት ከላይ ሆኖ።

ብታይ የሂጃቧ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። የምትገባበት ጠፋት። እሱ ግን ወረደና ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ሰጣት።

«ሳይደርቅ ከጠረግሽው ይለቃል። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ብሩሽህን።»

«ልትገዢው?»

«አይ... ልቀዳው።»

ወልድያ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር መሆኗን፣ በታብሌት እንደምትሥል ነገረችው። ታብሌቷ ውስጥ ከሰል የሚመስል ብሩሽ አለ፤ የውሃ ቀለም የሚመስል አለ፤ የዘይት ቀለም የሚመስልም አለ። ሁሉም ከሩቅ አገር ሰዎች እጅ የተቀዱ ናቸው። ጥሩ ናቸው፤ ግን የመርሳ ግድግዳ ላይ ያለውን አይመስሉም።

«በመስታወት ላይ ቀለም ሳይነኩ መሣል?» ብሎ ሳቀባት። «እንግዲያው ሂጃብሽን የሚያበላሽብሽ የለም ማለት ነው።»

በሳምንቱ ነጭ ወረቀት ይዛ መጣች። እሱም ጥቁር ቀለም እየነከረ አሰመረላት፤ አንዴ እርጥቡን፣ አንዴ ደረቁን፣ አንዴ ተጭኖ፣ አንዴ አቅልሎ። ብሩሹን ከላም ጭራ ራሱ ነው የሠራው። መብራት ጠፍቶ በሻማ ሲሠራ አንድ ቀን ጥቂቱ ስለተለበለበ፣ በሚያሰምረው ሁሉ መሃል ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ትቀራለች።

«ይቺን እንከን ላጥፋት?» አለችው።

«እንዳትነኪያት። እሷ ከጠፋች የኔ አይደለም።»

ኢሕሳን መስመሮቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ታብሌቷ ውስጥ አስገባች። ሲጫኑት እንዲወፍር፣ ሲያቀሉት እንዲደርቅ እያስተካከለች ሁለት ሳምንት ለፋች። ከዚያ ጁምዓ ከሰዓት ዘይነባ ቤት ተቀምጠው የታብሌቱን ብዕር ሰጠችው። አንድ ቅጠል ሣለ። ቀለሙ ወረደ፤ ጫፉ ላይ ሳሳ፤ ነጯ መስመርም መሃሉ ላይ ቁጭ አለች። ኡበይደላ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምነው? አልመሰለም?»

«መሰለ። ያስደነገጠኝም እሱ ነው።» ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም እንዳትሰጪው።»

«ወላሂ አልሰጥም።»

ብሩሹን «ኡበይደላ» ብላ ሰየመችው። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ሲመጣ መርሳ ሳትወርድ የቀረችበት ሳምንት የለም። ሰበቡ ብሩሽ ነው፤ ሰበብ መሆኑን ዘይነባም መሰላሉም አውቀዋል። አንድ ቀን ቀለም ሲበጠብጥ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ለአባትሽ ሽማግሌ ብልክስ?»

«የግራና መንገድ ተዘግቷል እንዴ?» አለችው። ልቧ ግን ከደረቷ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

ኡበይደላ የለመናቸው ሼህ ሙሐመድዘይን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከዒድ በኋላ ባለው እሑድ እንደሚመጡ መልእክት ደረሰ። አባቷ በግ አረዱ፤ ወንድሞቻቸውን ሰበሰቡ፤ ግቢው ተጠረገ። እሑድ ረፋዱ ሄደ፤ ዙህር ተሰገደ፤ ዐስር ተሰገደ። ከሽማግሌዎቹ የመጣ አልነበረም። አባቷ በር በሩን እያዩ ዋሉ። ኢሕሳን ደወለች፤ ኡበይደላ አያነሳም።

ሰኞ መርሳ ወረደች። ግድግዳው ላይ ያ ማንጎ የለም፤ ወልድያ በታተመ ትልቅ ባነር ተሸፍኗል። ባነሩም ላይ ማንጎ አለ፤ ማንጎውም ቅጠል አለው፤ በቅጠሉ መሃል ነጭ መስመር አለች።

«ቅዳሜ ነው የሰቀሉት» አላት ኡበይደላ ከኋላዋ። «እጄን ሸጥሽው። ሽማግሌዎቹን ያስቀረሁት ለዚህ ነው።»

«እኔ አይደለሁም...»

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር።»

«ኡበይደላ፣ እንዴት እንደሆነ ጠይቀኝ። እስቲ ጠይቀኝ!»

ጀርባውን ሰጥቷት መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ንዴተኛ ነበር፤ ንዴት ደግሞ መልስ እንጂ ጥያቄ አያውቅም።

ነገሩ የወጣው በማግስቱ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ዳምጠው ብሩሹን ታብሌቷን ታገናኝበት ከነበረው የቢሮ ኮምፒውተር አግኝቶ ተጠቅሞበታል። «ቢሮዬ ያለ የቢሮዬ ነው» አላት፤ እንደ ቀላል ነገር። ሥራዋን የዚያኑ ዕለት ለቀቀች። እውነቱን ለኡበይደላ ልትነግረው ብትደውል ስልኩ ለእሷ ተዘግቷል። ሰው ልትልክ ስትል ደግሞ አባቷ ቀደሟት።

«ወንድሞቼን ሰብስቤ በር ላይ ያዋለኝን ሰው ስም በዚህ ቤት አልሰማም። ጠላትም እንዲህ አያደርግም።»

እሷም ተወችው። አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። ዒዱም ራቀ፤ ማሽላውም ታጨደ። አልፎ አልፎ ታብሌቷን ከፍታ አንዲት መስመር ታሰምርና ታያታለች። እጁ ከእጇ ሥር የሚሄድ ይመስላታል፤ ታለቅሳለች።

በአምስተኛው ወር ኢዘዲን የሚባል የሲሪንቃ ምርምር ማእከል ሠራተኛ ሽማግሌ ላከ። ዝምተኛ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ባሉት ቀን፣ ባሉት ሰዓት መጡ። አባቷ ለብቻዋ ጠሯት።

«የምትጠብቂው አለ ልጄ?»

ስልኳን አየች። ምንም የለም።

«የለም አባ።»

ያን ዕለት ብሩሹን ልታጠፋው ታብሌቷን ከፈተች። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት ማሽኑ። ማሽን እንኳ ይጠይቃል። እንባዋን ጠርጋ አዎ አለችው።

ኒካሑ አሥር ቀን ሲቀረው ሼህ ሙሐመድዘይን ግራና መጡ። ዳምጠው ለካ ሠዓሊ ፈልጎ መርሳ ወርዶ ኖሮ፣ «ያቺ ልጅ እኮ ባንተ ብሩሽ ተጣልታኝ ነው የለቀቀችው» ብሎ ለኡበይደላ ነግሮታል። ሼሁ ይህንኑ ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ኢሕሳን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች።

አባቷ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ሼሃችን፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ቢሆንም ቃሉን የሰጠችው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር።»

ኢሕሳን ወጣች። እሺ የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀራት። ልቧ ቀድሞ ወጥቶ ኡበይደላ ጋ ደርሷል። ደስታ መጣ ብላ ግን እጇን ስትዘረጋ የአባቷ የዚያ እሑድ ፊት ታያት።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። «ግን አባቴ ያን ቀን እንዴት እንደዋሉ አይቻለሁ። ያንን የመሰለ ቀን ለኢዘዲን ቤት አልሰጥም።»

አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ሼህ ሙሐመድዘይን ዱዓ አድርገው ተነሱ፤ እሷም በትራቸውን አቀብላ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው።

«ታች መንገድ ላይ ቆሟል። ምን ልበለው ልጄ?»

«ትወድህ ነበር ይበሉት።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እወደዋለሁ። ይህን ግን አይንገሩት።»

«ከጠየቀኝ አልዋሽም። ሽማግሌ ነኝ።»

«አብሽሩ አባባ፣ አይስጉ... አይጠይቅዎትም። ያኔ እኔንም አልጠየቀኝም።»

አጥሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሼሁ ወርደው አጠገቡ ቆሙ፤ ጥቂት ተናገሩ። ኡበይደላ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ መርሳ መንገድ ዞረ።