የታጠበው ስፖንጅ

«ማን ነው የነካው?»

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም፤ አንድ ጫማዋን ብቻ አውልቃ ክፍሏ መሃል ተገትራለች። የትንሹ አኳሪየም ውሃ ኩልል ብሎ ጠርቷል፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል። ጠዋት ትታው ስትወጣ በቀስታ ይንጠባጠብ የነበረው የውሃ ማጣሪያ አሁን እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይንፎለፎላል። በማጣሪያው ቱቦ ጫፍ ላይ በላስቲክ ያሰረችው ቡናማ ስፖንጅ የለም። የዓሣ ጫጩቶቹም የሉም።

ጎንበስ ብላ አሸዋውን አየች፣ የቅጠሎቹን ሥር አየች። የስልኳን መብራት አብርታ ጥግ ጥጉን ፈተሸች። ምንም የለም።

«ቃሪያዬ መጣች እንዴ?» አባቷ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ፊቱ በደስታ ፈክቷል። «እህስ፣ አላማረም?»

ቃሪያ የሚላት በትንሽ ነገር ቱግ ስለምትል ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ሲጥ ሲጥ የሚል በር ዘይት ያጠጣል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ያልተበላሸውንም ፈትቶ ይገጥማል። እናቷ «እባክህ ጎንህን አሳርፍ» ብትለው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። ዛሬ ተራው የአኳሪየሙ ነበር።

«ስፖንጁስ?» አለችው።

«የቱ? እ፣ ያ ቆሻሻ! ኧረ ልጄ፣ ማጣሪያው ታፍኖ ነበር እኮ! ውሃ መሳብ አቅቶት ሲያቃስት ደረስኩለት። ሞተር ቢሆን ይሄኔ ተቃጥሎ ነበር። ስፖንጁን አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣሁልሽ፤ ማጣሪያውንም እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ተመልከቺው፣ እንዴት እንደሚተነፍስ!»

«ጫጩቶቹስ?»

«የምን ጫጩት?»

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። «ሞቱ» ቢላት፣ «ሳላያቸው ቀረሁ» ቢላት፣ ምናልባት ትችለው ነበር። የምን ጫጩት!

ሳሎን ባለው ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ጣት የማያክሉ፣ ጢማቸው አሸዋውን የሚዳብስ ትንንሽ አምባዛዎች አሏት። እንቁላል ሲጥሉ መስታወቱ ላይ ይለጥፉታል፤ ከዚያ ዞር ብለው ራሳቸው ይበሉታል። ሁለቴ አስበልታለች። በሦስተኛው ግን ቀደመቻቸው። እንቁላሎቹን በመታወቂያ ካርዷ ጠርዝ ፍቃ ወደ ትንሹ አዛወረች፤ ነጭ ሻጋታ የያዛቸውን በጠብታ መስጫ እየለቀመች ጣለች። ሲፈለፈሉ ከዓይን ሽፋሽፍት አይበልጡም ነበር። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልላ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነካች መገበቻቸው። ትንሽ ከበዛ ውሃው ይበላሻል፤ ካነሰ ይራባሉ። የጓደኛዋ ልደት የቀረባት በነሱ የተነሳ ነው። ጓደኛዋ «ለዓሣ ብለሽ? ኧረ ሼም ነው!» ብላ እስካሁን አኩርፋታለች።

ስፖንጁ ደግሞ ቱቦው እንዳይስባቸው የታሰረ ነው። የቆሸሸውም እንዲቆሽሽ ስለተፈለገ ነው፤ ጫጩቶቹ እላዩ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ሽፋን ይለቅማሉ። ይህን ሁሉ ለአባቷ ነግራዋለች። በስልክ። እሱም «እሺ የኔ ጎበዝ፣ እሺ» ብሏታል።

«ነግሬሃለሁ!» ጮኸች። «ስለ ስፖንጁ ነግሬሃለሁ! እየደጋገምኩ ነግሬሃለሁ! እሺ አላልከኝም?»

አባቷ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «መቼ? እየነዳሁ ይሆናላ...»

«ሁሌ እየነዳህ ነው! ቆመህ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ ድምፅሽን!» አለች እናቷ ከሳሎን። «አባትሽ እኮ ነው!»

የአባቷ ፊት ተለወጠ። «ለዓሣ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ ሳጸዳልሽ ውዬ ይኼ ነው ምስጋናው? ሌላ እገዛልሻለሁ አለቀ! የፈለግሽውን ዓይነት!»

«አትግዛልኝ! ምንም አትግዛልኝ! እንዲያውም ቤት ባትመጣ ይሻለን ነበር!»

ከአፏ ወጣ። አባቷ ፎጣውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው። ይህ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ቢያንስ ድርግም አያደርገውም? ቢያንስ አይጮህም?

ሁሉንም ልታፈርሰው ወሰነች። የምን አኳሪየም! ሶኬቱን ነቀለች። ማጣሪያውን ከነውሃው ብድግ አድርጋ፣ ወለሉን እያንጠባጠበች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ውሃውን ሽንት ቤት ውስጥ ደፍታ ማጣሪያውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ልትወረውረው ነበር። የማጣሪያውን ሣጥን ክዳን መንጭቃ ከፈተች። ታች የቀረው ውሃ ድፍርስ ቡናማ ነው። ልትደፋው ዘንበል አደረገችው።

አንድ ነገር ተወራጨ።

እጇ ባለበት ቀረ። ቀስ ብላ ቀና አደረገችውና መብራቱ ሥር ወሰደችው። ትልቅ ጭንቅላት፣ ቀጭን ጭራ። አንዱ ነው። አጠገቡ ሌላ። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ደግሞ ሌላ። ቱቦው ስቦ፣ አሽከርክሮ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ወርውሯቸው፣ እነሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ እድፉን ይለቅማሉ!

«እናንተ ጉዶች!» አለች በሹክሹክታ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሉም። ግን አሉ።

ከበሩ ውጭ የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ሰማች። አባቷ ሊሄድ ነው። መኪናው ተጭኖ ይጠብቀዋል፤ ዛሬ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

ይሂድ! መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ማጣሪያውን ጭኗ ላይ አደረገች። ሁሉንም ገደልኩባት ብሎ ይሂድ። መንገድ ላይ ይብላው፣ ይቆጥቁጠው። የማያዳምጥ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይወቀው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«ስሚ እስቲ» አለ አባቷ ኮሪደሩ ላይ። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ የሚያወራው ለእናቷ ነው። «ስፖንጁን ለምንድን ነው ያሰረችው?»

«እኔ ምን አውቄ? ራስህ ጠይቃታ።»

«ነግራኛለች እኮ። ስትነግረኝ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳለች ነው ያጣሁት።» ቦርሳውን ሲያነግት ተሰማት። «ዳገት ላይ ነበርኩ። ድምፅዋን ለመስማት ብዬ ነው እንጂ ያነሳሁት፣ የምትለውን አልሰማሁም።»

«ታዲያ ይህን ለሷ ንገራታ!»

«እንዴት ብዬ? ልታየኝም አትፈልግ።»

ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች። ድምፅዋን ለመስማት! ድምፅ ብቻ ምን ያደርጋል? ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ጨመረ። አሁን ግን ዝም ብላ ብታሳልፈው የምትናደድበት ሰው በሩ ላይ አይኖርም። ንዴቷ ብቻዋን ይዟት ይቀራል።

ተነስታ ቁልፉን አዞረች። አባቷ ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። እናቷ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየችና ነገሩ ገብቷት ወደ ሳሎን ዞር አለች።

«አልታረቅኩህም» አለችው።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ!»

ማጣሪያውን ወደ እሱ ዘርግታ አሳየችው።

«አንዳንዶቹ አልሞቱም። ማጣሪያው ውስጥ ናቸው። ብቻዬን ላወጣቸው አልችልም፤ አንድ ሰው ሳያንቀጠቅጥ ሊይዝልኝ ይገባል። እጅህን ታጠብ። ሳሙና እንዳትነካ።»

ቦርሳውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። እጅጌውን ጠቅልሎ ገባና ውሃውን ከፈተ። እጁን ልማዱ ወደ ሳሙናው ወሰደው፤ መንገድ ላይ አቆመው።

«ለምንድን ነው ሳሙና የማይሆነው?» አለ፤ ውሃውን ዘግቶ ዞረ።

አየችው። ዓይኖቿ አሁንም እንደቀሉ ናቸው።

«ቁጭ በል» አለችው። «በአንድ ቃል አያልቅም።»

አባቷ ጫማውን እንዳሰረ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ።