የምርመራው ዓምድ

የጋዝጊብላ ሰዎች አጥናፉን ሲያሙት፣ ሚስቱን እንኳ ያገባት መጀመሪያ ሠንጠረዥ አስምሮ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው፤ ያሰመረው ከሠርጉ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጳጉሜ ልታልቅ ስትል፣ የግብርና ባለሙያው አጥናፉ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣና የቤቱን የአዲስ ዓመት ዕቅድ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ተራ ቁጥር፣ ተግባር፣ ፈጻሚ፣ ጊዜ፣ በመጨረሻም ምርመራ፤ ሌላ ቦታ ያጣ ነገር ሁሉ የሚወሸቅበት ዓምድ። አንድ ዓመት «ዶሮዎችን አሥራ ሁለት ማድረስ» ከሚለው ትይዩ ፈጻሚዋ የትናየት ተብሎ ተጽፎ ነበር።

«እንቁላሉን እኔ ልጣል?» አለችው ሚስቱ።

ሲተዋወቁም እንዲሁ ነበር። ከደሴ ተመድቦ በመጣ ሰሞን ገበሬዎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰብስቦ ስለ አፈር መከላት ግማሽ ሰዓት ተናገረ። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣናን አያውቅምና፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው የትናየት እንድታስተረጉም ተነሣች። አንዲት አጭር ነገር ብላ ተቀመጠች። ሰዉ አጨበጨበ።

«ምን አልሻቸው?»

«እርከን ሥሩ ነው የሚሉት፣ አልኳቸው።»

«ያን ሁሉ ተናግሬ?»

«የቀረውን ያውቁታል።»

ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። ሊናገር ያዘጋጀው ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ከዚያ በኋላ ጠፋበት።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈ። ተጋቡ፤ ሸጌ ተወለደች። የሣር ክዳናቸውም አረጀ። ክረምት በገባ ቁጥር የልጅቷ መኝታ ከጥግ ወደ ጥግ ይዞራል፤ ጠብታውም ይከተላታል።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊብት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በስድስተኛዋ ጳጉሜ፣ አጥናፉ ወረቀቱን ለጠፈና «ግብርና ጣቢያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ አጠገቧ ቆሞ እያንዳንዱን መስመር ያስረዳት ነበር። የትናየት ብቻዋን አነበበች።

ተራ ቁጥር አራት፤ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ። ፈጻሚ፣ አጥናፉ። ጊዜ፣ ሁለት ዓመት። ምርመራ ላይ ደግሞ ፊደሉ ደቅቆ፦ «ከጥር በኋላ በባሕር ወደ ሳውዲ በመሄድ።»

ታላቅ ወንድሟ ቅጣው በዚያው ባሕር ነበር የሄደው። ወሬው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። እናቷ እስከ ዛሬ ተዝካሩን አላወጡም፤ ተዝካር ማውጣት ሞቷል ማለት ነዋ። በየበዓሉ ድርሻውን ያስቀምጡለታል፤ በማግስቱ ለደጀ ሰላም ይሰጡታል።

አጥናፉ ሲመለስ ከወረቀቱ ሥር እንደተቀመጠች አገኛት።

«ይህን በአፍህ ልትነግረኝ አትችልም ነበር?»

«አፌ እምቢ አለኝ።»

«እጅህ ግን እሺ አለ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ልጄ ላይ እያፈሰሰ ስንት ክረምት ልቁጠር? ቀን ቀን ለሰው ስለ ውኃ መውረጃ አስተምራለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ሳህን እደቅናለሁ። ደመወዜ ቆርቆሮ አይገዛም፣ የትናየት።»

«የሚያፈሰው ሣር ስለሆነ አይደለም፤ ስላረጀ ነው። የጎረቤቶቻችን ቤትስ? ሣር አይደለም?»

«እነሱማ ደቦ ጠርተው ያስከድናሉ።»

«አንተስ?»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አለ፤ መልሱ ለራሱም አልጣመውም።

«ስድስት ዓመት እርከን ስታሠራቸው አንድ ቀን ቤቴን አግዙኝ አላልካቸውም። እዚህ አገር ደቦ ያልጠራ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም። እነሱ ያንን ነው የሚጠብቁት።» ድምፅዋ ወረደ። «እኔም ሳይታወቀኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።»

እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘች። የሱን መስመር አልሰረዘችም። ከሥሩ አምስት ብላ ጻፈች፦ ሣር በደቦ መክደን። ፈጻሚ፣ ሁለታችን። ጊዜ፣ ኅዳር።

«ምርመራውስ?»

«እሱን አንተ ሙላው።»

ዓመቱ ባተ። በየማለዳው ከመኝታዋ ስትነሣ ያን ባዶ ቦታ ታያለች፤ አልተሞላም። የሱም ደቃቅ ጽሑፍ ከላይ እንዳለ ነው። ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ለምና የምታስቀረው ባል ቢቀርም እንደሄደ ነው ብላ ታስባለች።

በጥቅምት አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አጥናፉ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ፣ ለዚያውም ያለ ወረቀት፣ ቤቴን አግዙኝ አለ።

«እኛማ ቤቱ አፍስሶ አፍስሶ እስኪያባርርህ የምትጠብቅ መስሎን ነበር» አሉ ሽማግሌው አያ ወልደ ኢየሱስ።

በኅዳር ሰዉ ሣር ተሸክሞ መጣ። የማያውቀውን ሥራ ሲሠራ ያዩት ገበሬዎች ደስታቸውን አልደበቁም። «ይህንንስ በሥልጠና አልሰጡህም?» ይሉታል ከጣሪያው ላይ፤ እሱ ከታች ሣር ያቀብላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ አዲስ ጉልላት ደፋ።

ጠላው ሲዞር አጥናፉ ሊያመሰግን ተነሣ። ኽምጣና መስማት ከለመደ ቆይቷል፤ ንግግር ሲሆን ግን አሁንም ወደ አማርኛው ይሸሻል። ስለ መተባበር ተናገረ፤ ስለ ልማት ተናገረ፤ ስለ ጥር ምንም አላለም። ሲጨርስ እንደ ድሮው ወደ የትናየት ዞረ።

ሸጌን አዝላ ተነሣች። ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ በኽምጣና አንዲት አጭር ነገር ተናገረች፦

«አልሄድም ነው የሚለው።»

ማንም አላጨበጨበም። አያ ወልደ ኢየሱስ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እንዲህ ብለሃል፣ ልጄ?»

አጥናፉ አዲሱን ጣሪያ አየ፤ ከእናቷ ጀርባ አንቀላፍታ የተንጠለጠለችውን ልጁን አየ። በመጨረሻ እየተንተባተበ፣ በራሳቸው ቋንቋ መለሰላቸው፦

«ልክ ተርጉማለች።»